የጮቄ ገብስና የቁይ ጤፍ ዝምድና

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 23 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ በጀርመን አገር ለሚገኘው፣ ለምወደውም ለምቆጣውም ባለቤቴ ለዘመነ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ? ጮቄን የለመደ ሰው ብርድ አይፈራም እያልክ ስትኮራ ነበር፤ አሁን ምን ትላለህ? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደስታው የማደርገውን አሳጥቶኛል። በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ነበር፤ ግን በስልክ ስናወራ ሰላምታው ሳያልቅ መጨቃጨቅ እንጀምራለን። ደብዳቤ ሲሆን አታቋርጠኝም፤ ወደድክም ጠላህ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ፦ የጮቄው የገብስ ምርምር ማሳ አይዘጋም። አሸንፈናል።

መጋቢት ላይ ደጀን ድረስ ስሸኝህ የሆነውን አልረሳሁም። ምሳ ቀርቦልህ አልነካኸውም። የገብሱን መረጃ ከዘመነ በቀር የሚጠቀምበት ሰው የለም፣ ስለዚህ ማሳው ሊዘጋ ነው የሚለውን ወሬ የሰማኸው በዚያው ሰሞን ነበር። የስንት ዓመት ልፋትህ ነውና ንዴትህ ይገባኝ ነበር። ትንሽ ታገስ፣ ተከራክረን እናስቀረዋለን ብልህ፣ "አንቺ ጤፍ ስለያዝሽ ነው የማይገባሽ። ጤፍን የሚዘጋ የለም" አልከኝ። ከዚያ አውቶቡሱ ላይ ወጣህ፤ በመስኮት እንኳ ዞር ብለህ አላየኸኝም። ከዚያም በኋላ በደወልክ ቁጥር፣ ማሳው ከተዘጋ ምን ላድርግ ብዬ እመለሳለሁ ነው የምትለው። ያን ቀን ወደ ማርቆስ ስመለስ መንገዱን ሁሉ በልቤ ስሰድብህ ነበር። ሉማሜ ስደርስ ስድቡ አለቀብኝና ማሰብ ጀመርኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ የምርምር ማሳዎቹን ጉዳይ የሚወስነው ኮሚቴ ሰብሳቢ ዶክተር ታዲዮስ፣ መረጃውን የሚጠቀምበት የለም ብለው የተናገሩት ውሸት አልነበረም። የገብስ ሰው የጻፈውን የጤፍ ሰው አይጠቀምበትም። አንተ "የታችኛው አንጓ ውፍረት" የምትለውን እኛ "የእግር ውፍረት" እንለዋለን፤ የዳጉሳ ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ስም አላቸው። ሰው ገምቶ ይረዳው ይሆናል፤ ኮምፒውተር ግን አይገምትም።

ሶልያናን ታስታውሳታለህ፣ ኮምፒውተር ክፍል የምትሠራውን? መፍትሔውን ያሳየችኝ እሷ ናት፤ ኦንቶሎጂ ይባላል። በሌላው አገር ለእህሉም ለእንስሳውም ይሠሩበታል። አንድ ጠባይ ስትመዘግብ የትኛው አካል እንደሆነ፣ የአካሉ ምኑ እንደተለካ፣ በምን ዘዴና በምን መለኪያ እንደሆነ ለየብቻው ትገልጻለህ። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል ከበላዩ ካለው ሰፋ ያለ ቃል ጋር ታያይዘዋለህ፤ አንጓ የአገዳ ክፍል ነው፣ አገዳ የተክል ክፍል ነው እያልክ ትወጣለህ። ስሙ በየሰብሉ ቢለያይም የሚያመለክተው አንድ ነገር ከሆነ ኮምፒውተሩ አንድነቱን ያውቃል።

ለፋሲካ ደብረ ኤልያስ ወርጄ ይህንኑ ለአባትህ ለቄስ ገዳሙ አስረዳኋቸው። እኛ ልንጋባ ስንል ሰባት ቤት ድረስ የቆጠሩት እሳቸው አይደሉም? እሳቸውም፣ "ታዲያ ይኼማ ዘር መቁጠር ነዋ፣ ልጄ። ብቻ እኛ የምንቆጥር ዝምድና እንዳይገኝ ነው፤ እናንተ እንዲገኝ ትቆጥራላችሁ" ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ ሥራውን ዘር ቆጠራ ነው የምንለው።

ቆጠራው ግን እንዲህ በቀላሉ አልሆነም። የአንተን መረጃ ከእኛው ጋር አዋሕደን መጀመሪያ የጠየቅነው፣ ነፋስና ዝናብ ሲመታው የማይጋሽበው፣ መሬት ላይ የማይተኛው የትኛው ነው የሚል ነበር። ከገብሱ በኩል አንደኛ ሆኖ ብቅ ያለው ማን መሰለህ? ያ ረጅሙ ነጭ ገብስ። በየዓመቱ ዝናቡ ገና ሳይጠነክር የሚተኛው፣ አንተ ራስህ ልግመኛው የምትለው። አብሬህ ማሳው ዳር ቆሜ ሲተኛ ባላየው ኖሮ አምኜ እቀበል ነበር። ምክንያቱን ስናገኘው እኔና ሶልያና እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። እኛ የጤፍ ሰዎች ግሸባን የምንመዝነው እንደ ፈተና ማርክ ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመው አምስት ያገኛል። አንተ ደግሞ እንደ ክፍል ደረጃ ሰጥተኸዋል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው አንደኛ። መቼም ድሮም አንደኛ ካልወጣህ ቤት ሰላም አታሳድርም ነበር ብለውኛል እናትህ። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ፣ የክፍሉን ጭራ ጎበዝ አድርጎ ቁጭ አደረገው። መለኪያዎቹን ለየብቻ ስንገልጻቸው ነገሩ ተስተካከለ፤ ልግመኛውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሁን ዋናውን ስማ። ከገብስህ ውስጥ የታችኛው አንጓው አጭርና ወፍራም የሆነው ሁሉ አይተኛም። ይህን አንተ ታውቀዋለህ። እኛ ግን የጤፍን እግር ለወጉ ያህል እንለካ ነበር እንጂ ከግሸባ ጋር አያይዞ የጠየቀ አልነበረም። በገብሱ መንገድ ስንጠይቅ ከቁይ አካባቢ የመጣ አንድ ሰርገኛ ጤፍ ወጣ፤ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው። ሐምሌ ላይ ከሌሎቹ መሐል ዘራሁት። በገብስ ምክር ጤፍ የምትዘራ እየተባልኩ ስንት ተቀለደብኝ መሰለህ።

ጥቅምት ላይ ነፋስ የቀላቀለ በረዶ ወረደ። ኮሚቴው ማሳ ሊጎበኝ የተቀጠረው ደግሞ ለማግስቱ ነበር። ከፊታቸው ሄድኩ። ግራና ቀኙ ጤፍ እንዳለ ምንጣፍ ሆኗል። የቁዩ ጤፍ ግን ዘንበል ከማለት በቀር ቆሟል። ዶክተር ታዲዮስ ጎንበስ ብለው እግሩን በጣታቸው ዳሰሱና፣ "ይህን ማነው የመረጠው?" አሉኝ።

"የጮቄ ገብስ ነው" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የቀለድኩ መስሏቸው ነበር። ከዚያ እዚያው ማሳው ዳር ቁጭ ብለን ከስር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው፤ የማርኩንና የደረጃውን ነገር ሲሰሙ እሳቸውም ሳቁ። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ማሳው ይቀጥል፣ የዳጉሳና የስንዴ መረጃም በዚሁ መንገድ ይገለጽ የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው። የተቃወመ አልነበረም። የአንድ ዓመት ውጤት መሆኑን አውቃለሁ፣ ከርሞም ዘርተን እናየዋለን፤ ቢሆንም ያን ቀን ከአዳራሹ ስወጣ አልቅሻለሁ። ጤፍ ስለያዝሽ ነው የማይገባሽ ያልከኝ ሰውዬ፣ አሁንስ የገባኝ ይመስልሃል?

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ሌሎቹ ቃላት ሁሉ ፍች ተጽፎላቸዋል፤ የጠመጅ ገብስ ፍሬ ከገለፈቱ የሚላቀቅበት ጠባይ ግን ባዶውን ተቀምጧል። ሶልያና አንቺው ጻፊውና እንገላገል አለችኝ። የገብስ ሰው ነው የሚጽፈው ብዬ እምቢ አልኳት። እኔ ምን አውቃለሁ? የማውቀው አንተ መዳፌ ላይ እያሸህ ያሳየኸኝን ብቻ ነው፤ ተራው ገብስ ሙቀጫ ገብቶ ካልተፈተገ ገለፈቱ እንደማይለቅ፣ ጠመጁ ግን በእጅ ሲታሽ ግማሹን ጥሎ ግማሹን እንደሚይዝ፣ የያዘውም ሲቆላ እንደሚረግፍ። ይህ መቼም ፍች አይባልም። ባለሙያ ያስፈልገዋል። በኢሜይል እልከዋለሁ እንዳትል፤ የዘንድሮውን ፍሬ በእጅህ ሳታሽ መጻፍ አይሆንም።

አባትህ በየቅዳሴው ስምህን ይጠራሉ። እኔም የዓባይን በረሃ በሰላም ያሻግርህ እላለሁ፤ ወዲያ ሳይሆን ወዲህ። የጮቄው ገብስ ታጭዷል፤ የጠመጁን አንድ መደብ ግን አላስነካሁም። ወፉን እኔ እከላከልልሃለሁ። እስከ ገና ቢቆይም አያሳስብህ፤ የማይጋሽብ ዘር ነው።

ሚስትህ ደብሪቱ