ከኋላ በር የገባው ሽቦ

ኦክቶበር 3፣ ሐሙስ

ዝናብ። የአኩሪ አተር ቶፉና ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ። ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ሁለተኛው ላይ ቆምኩ። ደረቴን የሚጫነኝ ነገር እስኪለቀኝ የቆሻሻ ማውጫ ቀኖችን ማስታወቂያ አነበብኩ። አርባ ዓመት የጋዜጣ አራሚ ነበርኩ፤ ማስታወቂያው ሁለት ስሕተት አለበት። ለማንም አልተናገርኩም።

ከታች ያሉት ጎረቤቴ፣ ወይዘሮ ኦጊሶ፣ አለፉኝ። በሰማንያ አንድ ዓመታቸው።

"ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። እያነበብኩ ነው።"

"አሁንም አልጨረሱትም?"

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

የልብ ሐኪሙ ዶክተር ሺኖሚያ ፊልሙን አሳየኝ። በቀኝ በኩል ያለው የልብ ደም ቧንቧ ድፍን ብሏል። ጠበበ አይደለም... ተዘጋ። ምናልባት ከዓመታት በፊት።

"ታዲያ እንዴት አልሞትኩም?"

"ከግራው ቧንቧ ቀጫጭን መሹለኪያዎች እየመጡ ይመግቡታል። ጎረቤት በጓሮ በኩል ወጥ እንደሚያቀብለው። ለመኖር ይበቃል፣ ለደረጃ አይበቃም።"

እንደ ስፌት ክር የቀጠነ ሽቦ በእጅ አንጓና በብሽሽት ያስገባሉ። ድፍኑን ካለፈ በፊኛ ያሰፉታል፤ በብረት መረብ ይደግፉታል። እሱ እንደሚለው ከአሥር ሰው ለዘጠኙ ይሳካል። ከመቶው ሦስቱ ላይ ክፉ ነገር ይደርሳል።

"ዕድሜ ይጨምራል?"

"እሱን ቃል አልገባም። ደረጃ ግን ይጨምራል።"

ወደድኩት። እኛ ጋዜጣ ቢሆን በዚህ ሐቀኝነቱ አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር።

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ

ልጄ ቺዙ ከዮኮሃማ ደወለች።

"አባባ፣ ወይ ልብህ ይከፈት፣ ወይ ቤቱ ይዘጋ። እኔ ጋ ምድር ቤት አንድ ክፍል አለ።"

"መጻሕፍቱስ?"

"ሁለት መደርደሪያ እሰጥሃለሁ።"

ሦስት ሺህ መጽሐፍ ነው ያለኝ። ሌላም አለ... ሚስቴ ቶኪኮ የሞተችው እዚህ ቤት ነው። ሁለት ዓመቷ። ያኔ ሁሉም ጠየቀኝ፤ ለሁሉም ደህና ነኝ አልኩ። ነበርኩም። ምንም አይሰማኝም። ይሄ ደህንነት ካልሆነ ምንድን ነው?

ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ

ዛሬ ሽቦውን ሞከሩ፤ አልተሳካም።

በማደንዘዣ አያስተኙም፤ ሁሉንም ትሰማለህ። ከፊት ለፊት ገቡ። ሽቦው ድፍኑ አፍ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ጠንከር ያለ ለወጡ። ከዚያም የባሰ ጠንካራ። በመጨረሻ የቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ገባ እንጂ መንገዱን አላገኘም። ዶክተሩ የጨረሩን መጠን አየና "ለዛሬ ይብቃን" አለ።

ከዚያ ሁሉም ተሰልፈው እጅ ነሱኝ።

"ይቅርታ፤ ድካሙ የኔ ነው።"

"ኧረ ያስቸገርኳችሁ እኔ ነኝ።"

"በፍጹም፣ እኛ ነን።"

በጀርባ ተንጋሎ እጅ መንሳት አይቻልም። ዐይኔን በአክብሮት ጨፈንኩ። ነርሷ የሞትኩ መስሏት የልብ ትርታዬን ፈለገች።

ኦክቶበር 28፣ ሰኞ

ቺዙ ካርቶን ልካለች። ባዶ። ሃያ።

ጃንዋሪ 20፣ ሰኞ

የሐሙሱን ሁለተኛ ሙከራ ዛሬ ነው የምጽፈው። እጄ እስከ ትናንት እስክሪብቶ አልያዘልኝም።

በዚህኛው ሙከራ ከኋላ መጡ። በግራው ቧንቧ፣ በጓሮው መሹለኪያ፣ ዞረው ወደ ድፍኑ ጀርባ። ጀርባው ለስላሳ ነው አሉ። ከፊትና ከኋላ የገቡት ሁለቱ ሽቦዎች መሐል ሲደርሱ ዶክተሩ "ተገናኙ" አለ፤ የባቡር መድረሻ እንደሚያስታውቅ ሰው። ተከፈተ። መረቡም ገባ።

ዕቃቸውን ከመሹለኪያው ሲያወጡ አመመኝ። ከጎድኔ ሥር ተነስቶ ወደ ትከሻ።

"አቶ ኩዋባራ፣ የሚያምዎት ነገር አለ?"

"ደህና ነኝ።"

ሰዎቹ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ሽርጥ ተሸክመው ቆመዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ "አመመኝ" ይባላል? ነውር ነው። ዶክተሩ ደግሞ ጠየቀኝ።

"ምንም አይደል።"

ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ድምፄ አልወጣም። ነርስ ሃታኖ ግን ከአንሶላው ሥር የእግሬ ጣቶች መታጠፋቸውን አየች።

"ዶክተር፣ እግራቸውን ይዩ! እኚህ ሰውዬ እየዋሹን ነው!"

የደም ግፊቴ እየወረደ ነበር። መሹለኪያው ተቀድዶ ደሙ ልቤን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀም ነበር። በመርፌ ቀዱት። መሹለኪያውን በተጠማዘዘ ቀጭን ብረት ከሁለት ወገን ደፈኑት። እኔ የማስታውሰው ብርዱን ነው። ፍርሃት? አልነበረም። እሱ ነው የገረመኝ።

ዛሬ ሃታኖ መጣች።

"ቀደም ብለው ቢናገሩ ምን ነበረበት?"

"ላስቸግራችሁ አልፈለግሁም።"

"አባት፣ ቢሞቱ ኖሮ የበለጠ ያስቸግሩን ነበር። የሚሞላውን ቅጽ ብዛት አያውቁትም።"

ጃንዋሪ 29፣ ረቡዕ

ነገ ከሆስፒታል እወጣለሁ። ዶክተሩ የቀሩት መሹለኪያዎችም ሥራ ሲያጡ ቀስ በቀስ ይቀጥናሉ አለኝ።

"ያን ሁሉ ዓመት አብልተውኝ... አይከፋቸውም?"

አሰበበት። "አይመስለኝም" አለ፣ ሳይስቅ።

ፌብሩዋሪ 2፣ እሑድ

አራቱንም ፎቅ ሳልቆም ወጣሁ። ትንፋሽ ተረፈኝ። ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።

በሩ ላይ የቶኪኮ ጫማ አለ። ሁለት ዓመት እየተራመድኩት አልፌዋለሁ። ዛሬ ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ተረከዙ በግራ በኩል አልቋል... እንዲያ ነበር የምትረግጠው? እንዴት አላየሁም?

ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለቺዙ ደወልኩ።

"ያመኛል" አልኳት።

"ደረትህን? አባባ፣ እንዳትንቀሳቀስ፣ አምቡላንስ ልጥራልህ..."

"ደረቴን አይደለም። የእናትሽን ጫማ አነሳሁ።"

አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ።

"ቤቱን አልለቅም፤ ካርቶኖቹን እመልስልሻለሁ" አልኳት። "ግን... ቅዳሜ መምጣት ትችያለሽ?"

"መጣሁ።"

"ቅዳሜ አልኩሽ እኮ።"

"ሰምቻለሁ። መጣሁ።"

ሩዝ ለሁለት ሰው አጠብኩ።