መጽሐፍ ቆልፈው አንባቢ ለሚቆጥሩ ዳይሬክተር

ለተከበሩ ዶክተር መኮንን፣ የኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር
ቡራዩ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ በኪስዎ ለሚዞሩት ቁልፎችም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ።

እኔ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ የማነሳው ሽመክት ገብረየስ ነኝ፤ ልጄ ፀደንያ የነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። «ነበረች» ያልኩት ውጤቷ 1.96 ሆኖ ስለተባረረች ነው። ተመልሳ እንድትመዘገብ ያስገባችውን ማመልከቻ የኮሌጁ ኮሚቴ ሊጥለው የተዘጋጀው፣ «ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀም ያልፋል፣ የማይጠቀም ይወድቃል» በሚለው ባለ አርባ ገጽ ጥናትዎ ተመርቶ መሆኑን ስሰማ፣ እንዲህ ያለ ሊቅ በሰፈራችን መኖሩን ሳላውቅ በመቆየቴ አፈርኩ። በጥናትዎ መሠረት ልጄ ዓመቱን ሙሉ አንድም መጽሐፍ አልተዋሰችም። እውነት ነው፣ አልተዋሰችም።

አንደኛ፣ የአናቶሚው መጽሐፍ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም «እንዳይጎሳቆል» ተብሎ በቢሮዎ የመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ፀደንያ እንዲያውሷት ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቃለች፤ ማመልከቻዎቹን ኮፒ ያደረግኋቸው እኔው ስለሆንኩ ሦስቱም በእጄ ናቸው። መልስ ባይመጣም መጽሐፉ እንደ ሙሽራ ተጠብቆ ስላለ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ጥናትዎ «ተጠቃሚ» የሚለው መጽሐፍ ተውሶ የወጣውን ብቻ ነው። ልጄ በየማለዳው መታወቂያዋን በር ላይ አስይዛ እየገባች፣ ከጓደኞቿ ጋር ለአራት ሆነው በተካፈሉት የደበዘዘ ሃንድአውት ላይ አፍጥጣ ትውል ነበር። ጥበቃው ኦቦ ቢቂላ በሩ ሳይከፈት ቀድማ የምትቆመው እሷ እንደነበረች ለጠየቃቸው ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ዶክተር ስላልሆኑ ግን የጠየቃቸው አጥኚ የለም።

ሦስተኛ፣ በቁም ሳጥንዎ ያሉት መጻሕፍት በሙሉ በእርስዎ ስም በውሰት የተመዘገቡ በመሆናቸው፣ በሰንጠረዥዎ የዓመቱ አንደኛ ተጠቃሚ ሆነው የወጡት እርስዎ ነዎት። እንኳን ደስ ያለዎት! ብዙ የተዋሰ ሁሉ ብዙ ያውቃል የሚለውን ግኝትዎን ብቻዎን ያፈረሱትም እርስዎ ነዎት።

ክቡርነትዎ፣ ልጄ ሰነፍ አይደለችም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ንቄዎታለሁ እንዳልል አስተዳደጌ ስለማይፈቅድልኝ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኮሚቴው ሐሙስ ከመሰብሰቡ በፊት መጽሐፉ በእርስዎ ዘንድ እንደነበረ የሚገልጽ አንድ መስመር ይጻፉ። ከአርባው ገጽ ጋር ሲያያዝ ሙሉ እውነት የሚሆነው ያ መስመር ብቻ ነው።

ዕውቀት እንዳይነካ ሌት ተቀን ለሚደክሙት ለእርስዎ፣ ከበሩ ውጭ ሆኜ እጅ የምነሳ፣

ሽመክት ገብረየስ፣ የፀደንያ አባት

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ በፊርማዎ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበብኩ። ኮሚቴው ቤተ መጻሕፍት ባልተጠቀሙ ተማሪዎች ጉዳይ ላይ በንባብ አዳራሹ ስለሚሰበሰብ፣ ሐሙስ ቤተ መጻሕፍቱ ለተማሪዎች ዝግ ነው ይላል።