አጎትሽ የከደነው ጓሮ

ውድ ልጄ፣

የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፤ የእጅሽ ሥራ ይባረክልሽ። የአባትሽ ጉንፋን ለቆታል፤ ቁርሱን ግን ካፖርቱን ለብሶ ነው የሚበላው።

አጎትሽ የመሬቱን ሙቀት ወደ ቤት የሚያስገባ ማሽን እንደገጠመልን ጽፌልሽ ነበር። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ በጓሮው በተቀበረው ቱቦ የሚዞረው ፈሳሽ ከአፈሩ ለብታ ይወስዳል፣ ማሽኑም ያንን አጠናክሮ ወደ ክፍሎቹ ይልካል። አፈሩ የሰጠውን የሚተካው ከላይ፣ ከፀሐይና ከዝናብ ነው። ሊቁ አጎትሽ ግን ቱቦውን ቀብሮ ሲያበቃ ጓሮውን በሙሉ በወፍራም ፎም ሸፈነና ሲሚንቶ አፈሰሰበት። ብርዱ ሳይጋመስ አፈሩ በረዶ ሆነ፤ ማሽኑም ቆመ።

«ምን ማድረግህ ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ ሙቀቱ ወደ ሰማይ እንዳያመልጥ ነዋ የከደንኩት!»

«የከደንከው እኮ ድስት አይደለም።»

«አንቺ መጽሐፍ ታውቂያለሽ፤ እኔ ሥራ አውቃለሁ» ብሎ ሳቀብኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ትናንት ደግሞ ቤትሽን እንዲያሠራ የሰጠሽውን ውክልና ለአባትሽ እያሳየ፣ «የእሷንም ጓሮ እንዲሁ አሳምሬ እከድንላታለሁ» ሲል ሰማሁት። አባትሽ፣ ወንድሙ ነውና፣ ካፖርቱን እንደለበሰ ሻይ ቀዳለት።

ልጄ፣ ይህን ያህል ዓመት የለፋሽው ስትመለሺ በገዛ ቤትሽ ለመንቀጥቀጥ አይደለም። እባክሽ መሬቱ ሳይቆፈር ውክልናውን አንሺ። ቅር ካለው በእኔ አሳብቢ፤ እኔን ከጠላኝ ቆይቷል።

ጤናውንና ማስተዋሉን ያብዛልሽ።

እናትሽ