የእናቴ መስታወቶች

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ተመዘገበች! «ሦስቱ ርግቦች» በቅርስነት ተመዘገበች! ...ቀኑን እንኳ ሳልጽፍ ልጮህ ነበር። ደብዳቤው የመጣው ብርጭቆ እያደረቅኩ ሳለ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የቀዳሁባት መጠጥ ቤት፣ ከእንግዲህ ያለ ፈቃድ ሚስማር አይመታባትም። አዲሱ ባለቤት ስቶክሊ ኮሶ የጠጣ መሰለ። ውስጧን ሁሉ አፍርሶ አንድ አዳራሽ ሊያደርጋት ነበር እኮ!

«አትፈንጥዢ ሎሬይን፣ የሚጠበቀው የፊት ለፊቱ ግድግዳ ብቻ ነው» አለኝ። ይበል። ምቀኛ።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ትናንት ዕረፍቴ ነበር። ስቶክሊ ያንን ጠብቆ... የሴቶቹን ጓዳ ግርዶሽ በመጋዝ ቆረጠው።

እናቴ ከጥጥ ፋብሪካው ወጥታ ጥቁር ቢራዋን የምትጠጣው እዚያ ነበር። ያኔ ሴት ከወንዶቹ ጋር ባንኮኒ ላይ አትቆምም። ባንኮኒው ላይ የእንጨት ግርዶሽ፣ በፊት ትክክል አሥራ ሁለት ትንንሽ የሚዞሩ፣ ማዶውን የማያሳዩ መስታወቶች፣ አበባ የተቀረጸባቸው። አንዱን ገፋ አድርጋ እጇን ብቻ ታወጣለች። ቀጂው ፊቷን አያይም። ማን ጠጣች ብሎ ያወራል?

አሁን ፍርስራሽ መጣያው ውስጥ ዝናብ ይወርድባቸዋል።

«መስታወት ነው እኮ» ይለኛል ስቶክሊ።

«ያንተም ራስ አጥንት ነው እኮ!»

ኢኒድ፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ የዚያ ጓዳ የመጨረሻዋ ደንበኛ፣ በከዘራቸው ደረሱ። «ምን ትገተሪያለሽ ልጄ? ግቢና አውጪ!» ገባሁ። ዐሥሩ ደህና ናቸው። በፎጣ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር... ለእሱ ትንፍሽ አላልኩም።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ኢኒድ ለከተማው ምክር ቤት ጽፈው ኖሮ የቅርስ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ቀጭን ሴት፣ ባትሪ በእጇ።

ስቶክሊ ደረቱን ነፋ። «የተመዘገበው ፊት ለፊቱ ነው። ወረቀቱ ስለ ውስጡ ምንም አይልም።»

«ባይልም ሕጉ የሚጠብቀው መላ ቤቱን ነው። ቤት ፊት ብቻ ሳይሆን ሆድም አለው። እንደነበረ ይመልሱት።»

«መስታወቶቹ የሉማ! ከየት ላምጣ?»

«ከአልጋዬ ሥር» አልኩ።

ዞሮ አየኝ። ወይ ያ ፊት! ክፉ ነኝ? ልሁን።

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

አባርርሻለሁ አለኝ። አልፈራሁም። ...ትንሽ ፈርቻለሁ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

አላባረረኝም። ግርዶሹም ቆመ፤ አናጺው ዛሬ ጨረሰ። ሁለቱ አዲስ መስታወቶች ብቻ ማብረቅረቃቸው በዛ። «እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ» አሉ ኢኒድ፣ የራሳቸውን እያሳዩ።

ስቶክሊ በጓዳው በኩል መጥቶ ቢራ አዘዘ። አንዱን መስታወት ለእጁ ያህል ከፍቼ ብርጭቆውን አሳለፍኩለት።

«ፊቴን ማየት ጠላሽ?»

«መስታወቱ የተሠራው ለዚሁ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ጠቅ!

በር ላይ የለጠፍኩት፦ የጓዳው ምርቃት፣ ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20፣ ከምሳ በኋላ። ሁሉም ይምጣ፣ ቀሪ የለም! ሴቶች ቀድመው፣ በጓዳው በር።