ባዶው ማንጠልጠያ ስለሚመዝነው አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ

ቀን፦ 12/03
ለጤና ጣቢያው ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሕፃናት ክፍል ሚዛን ከፊታችን ሐሙስ በፊት እንዲስተካከልና ልጄ እንደገና እንድትመዘን ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በእህል መጋዘን መዛኝነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ባዶውን ሚዛን ሳላይ አንድ ጆንያ ስለማላስጭን ጓደኞቼ «አባ ግራም» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ይህን የምጽፍልዎ ሰው ለማሳጣት ሳይሆን ልጄ እጄ ላይ እያለቀችብኝ ስለሆነ ነው።

1. የአሥራ አምስት ወር ልጄ ከወር በፊት ስትመዘን ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነበረች። ከዚያ ተቅማጥ ያዛት፤ ሳልም ተከተለ። ባለፈው ሐሙስ ስናመጣት ሚዛኑ ሰባት ኪሎ ከስምንት መቶ አለ። ነርሷ «ጎሽ፣ ጨምራለች!» ብለው ካርዷ ላይ «ጥሩ» ብለው ጻፉ፤ በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ሰጥተውም ሸኙን።

2. ክቡር ኃላፊ፣ ሁለት ሳምንት ያስቀመጣት ልጅ ስድስት መቶ ግራም ከየት አመጣች? ቀሚሷ ከትከሻዋ እየወረደ እናቷ በመርፌ ቁልፍ ነው የምታስይዘው። አላስችል ቢለኝ መጋዘን ወስጄ በራሴ ሚዛን ሦስት ጊዜ መዘንኳት። ሦስቱንም ጊዜ ስድስት ኪሎ ከስድስት መቶ ነች።

3. በማግስቱ ተመልሼ መጣሁ። ሕፃናቱ የሚንጠለጠሉበት ስስ ጨርቅ ስለተቀደደ ጥበቃው ከወፍራም ሸራ አዲስ ሰፍተው፣ የብረት ቀለበት አድርገውለታል። እጃቸው ይባረክ፣ ስፌቱ እንከን የለውም። ነገር ግን የሚዛኑን ቀስት ወደ ዜሮ የመለሰው ሰው የለም። ማንም ሳይነካው፣ ባዶው ማንጠልጠያ ብቻውን አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ይመዝናል። በዓይኔ አይቻለሁ።

4. ለነርሷ ነገርኳቸው። ኮሪደሩ በእናቶች ተሞልቶ ስለነበር ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ «አባቴ፣ እርስዎ እህልዎን ይመዝኑ፤ ልጅ መመዘኑን ለእኛ ይተዉት» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ደክሟቸዋል።

5. ከሦስት ሳምንት በፊት የጎረቤታችን የልብስ አጣቢዋ ልጅ በዚሁ ሸራ ተመዝና «ጥሩ» ተብላ ተመለሰች። በስምንተኛው ቀን ቀበርናት። እናቷ «ካርዷ እኮ ደህና ነች ይላል» እያለች ስታለቅስ እኔም አጠገቧ ቆሜ «የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብያታለሁ። ያን ቃሌን ዛሬ መዋጥ አቅቶኛል።

ስለዚህ ልጄ ዛሬውኑ እንድትታይልኝ፣ ቀስቱ ዜሮ ላይ እንዲመለስልኝ፣ ሸራው ከተሰቀለ ወዲህ «ጥሩ» የተባሉት ሁሉ ተጠርተው እንዲመዘኑ እለምንዎታለሁ። ሐሙስ ሌሎች አርባ ሕፃናት ይሰቀሉበታል።

ልጄን ይዤ በርዎ ላይ ተቀምጫለሁ። እናቷን ብዙ ለመንኳት፣ አልመጣም አለች፤ የተጻፈውን ታምናለች። «ኪሎዋ ጨምሮ የለ እንዴ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» ትለኛለች። ድሮ ይቺ ልጅ ስታለቅስ ሰፈሩ ይሰማት ነበር። አሁን ጆሮዬን አፏ ላይ ካላስጠጋሁ አልሰማትም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ መልስዎን በርዎ ላይ እየጠበቅሁ

(ፊርማ)
የሕፃኗ አባት፣ የእህል መጋዘን መዛኝ