ከአዲስ አበባ ወደ ዲላ የመጡ 6,482 ስሞች

ጥቅምት 29

ይህን ለደብተሬ ብቻ ነው የምናገረው። ዛሬ አፈርኩ... በደንብ አድርጌ።

የቡና ገበሬዎች ማኅበራችን ዲላ ቅርንጫፍ ስብሰባ ላይ ነን። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወልደዮሐንስ «የአባላቱ ዝርዝር ዲላ ገባ?» አሉ። «ገብቷል» አልኩ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። ኮምፒውተሬን ወደ እነሱ አዞርኩት። የ6,482 ገበሬ ስም፣ ቀበሌ፣ የማሳ ስፋት፣ ረድፍ በረድፍ። ሁሌ የሚያሾፍብኝ የንብረት ክፍሉ አምሃ እንኳ ተጠግቶ አየ። ወዲያው ኔትወርኩ ሄደ። ስሞቹም አብረው ሄዱ።

ለካ አልቀዳሁትም። ማያያዝ ብቻ ነው ያደረግኩት። ሠንጠረዡ አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ሰርቨር ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አየው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጨረስኩ ብዬ ሻይ ስጠጣ...

አምሃ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኤልቤቴልዬ፣ ለካ ቤቱን ሳይሆን መስኮቱን ነው ያሳየሽን።» እስከ ምሳ ሳቀ። አቶ ወልደዮሐንስ ግን አልሳቁም። የባሰው እሱ ነው።

ጥቅምት 30

ባይስቁም አይፈረድባቸውም። አምና የኦርጋኒክ ሰርተፍኬቱ ኢንስፔክተር አሪቻ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ድረስ ሄዶ፣ የአባላቱን መረጃ እዚሁ ክፈቱልኝ አለ። አሪቻ ኔትወርክ የለም። አልተከፈተም። «ያልተረጋገጠ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ዘንድሮም ከደገመው የአሪቻ ገበሬዎች ከሰርተፍኬቱ ይሰረዛሉ። የፋብሪካ ማዳበሪያ ሳያስጠጉ፣ በእጃቸው አርመው ያደረሱት ቡና ከማንኛውም ቡና ጋር ተደባልቆ ሊሸጥ ነው።

ኢንስፔክተሩ የሚመጣው ኅዳር 19።

«እዚያው አሪቻ፣ ከላፕቶፕሽ ላይ ይከፈት» አሉኝ አቶ ወልደዮሐንስ። «ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ሌላ ምን ቀረና?

ኅዳር 2

ሙሐሲን ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ ሰርቨሩን የሚጠብቀው እሱ ነው። በድምፁ እንጂ በመልኩ አላውቀውም፤ ድምፁ ግን... እሱ ይቆየን።

በፍላሽ አድርገህ በአውቶቡስ ላክልኝ ብዬ ብጠይቀው፣ የአባላት መረጃ ከቢሮ በፍላሽ አይወጣም አለ። ደንብ ነው። «ማያያዙን ተዪውና ቅጂ በዪው፣ ራሱ ይጎትትልሻል።»

ጎተትኩ። 2,100 ላይ ተቆረጠ። የገባውም ጠፋ። ከዜሮ። 1,740። ከዜሮ። 3,900 ደርሶ ልቤ መምታት ሲጀምር መብራት ሄደ።

«እዚህ እኮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ።

«እንግዲያው ና እና ዲላ ላይ በአምስት ደቂቃ ጨርሰው።»

ሳቀ። ስቄ ዘጋሁት እንጂ ልቅሶ ቃጥቶኝ ነበር።

ኅዳር 5

አሪቻ ዋልኩ። የአዳዲስ አባላት ፎርም ልሰበስብ ሄጄ።

የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ኃላፊ እትዬ አትጠገብ ናቸው። ራሳቸውም አባል፣ ከነማሳቸው። ከሰዓት ላይ ደመናው በአንዴ ወረደ። ሠራተኛው ላስቲክ ይዞ ተሯሯጠ፤ እኔም ልርዳ ብዬ ከዚህም ከዚያም አልጋ ላስቲክ እጎትታለሁ። ጮሁብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሁሉንም ጀምረሽ አንዱንም አልሸፈንሽ። አንዱን አልጋ ያዢ፣ እሱን ጨርሺ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ዝናቡ ቢቀድመንም የተሸፈነው ተሸፍኗል።»

ዝናቡ ቀደመን። ስምንት አልጋ ተሸፍኗል፣ ሦስቱ ረጠቡ። ማንም እንደገና ከአንደኛው አልጋ አልጀመረም። ከዘጠነኛው ቀጠሉ።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ውሃው በአንገቴ እየገባ... ከዘጠነኛው ቀጠሉ።

«ምን ነካሽ? ታመምሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ እትዬ። ዲላ ልመለስ።»

«እኔስ እዚያ ኮምፒውተርሽ ውስጥ አለሁ?»

«አሉ» አልኩ። መንገዱን ሙሉ ይህቺ «አሉ» ስትቆረቁረኝ መጣች። የሉም እኮ። ገና የሉም።

ኅዳር 6

በአባል ቁጥር ከፋፈልኩት። ከ1 እስከ 500 አንድ ክፍል፣ ቀጥሎ እስከ 1,000... አሥራ ሦስት ክፍል ሆነ። አንዱ ሲገባ በወረቀት ላይ ምልክት። ኔትወርኩ ቢሄድ የሚጠፋው ያ ክፍል ብቻ ነው፤ የገባው ገብቷል።

ስድስቱ ገቡ። ዛሬ ብቻ አራት ጊዜ ተቆርጧል፤ ምንም አልመሰለኝም።

ኅዳር 8

አሥራ ሦስቱም ገቡ። ቆጠርኩ። አዲስ አበባ 6,482፣ እኔ ጋ 6,792።

አምሃ ከኋላዬ ሆኖ አየ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ። ሦስት መቶ አሥር ገበሬ ወለድሽ?»

ማታ ምልክት ያደረግኩበትን ወረቀት ይዤ ቤት ገባሁ። ከየት መጡ?

ኅዳር 9

አገኘሁት። ሰባተኛው ክፍል ሲገባ መሐል ላይ ተቆርጦ ነበር። ጠፍቷል ብዬ ሙሉውን ደገምኩት፤ ለካ ይኼኛው እንደ ሌሎቹ አልጠፋም፣ 310ሩ ቀድመው ገብተው ቁጭ ብለዋል። ሰባተኛውን ጠርጌ እንደ አዲስ አስገባሁ። ሠንጠረዡንም አንድ የአባል ቁጥር ሁለቴ እንዳይቀበል አዘዝኩት።

6,482።

አምሃን ጠርቼ አሳየሁት። የኔትወርኩን ሞደም ራሱ ይንቀለው አልኩ። ነቀለ። ስሞቹ ንቅንቅ አላሉም። ሞደሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ሻይ ልጋብዝሽ» አለ። ከአምሃ አፍ ይህ ቀላል አይደለም፣ ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል።

ኅዳር 18

ነገ ነው። ላፕቶፑን ከሁለት ባትሪ ጋር አዘጋጅቻለሁ።

ኅዳር 19

ኢንስፔክተሩ አቶ ገመቹ ይባላሉ። የማይስቁ ሰው። ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀመጡ፣ የቡና መረከቢያውን መዝገብ ገለጡ፣ ጣታቸውን አንድ ስም ላይ አሳረፉ።

«ይህን ሰው አሳዪኝ።»

አሳየሁ። ስሙ፣ ቀበሌው፣ የማሳው ስፋት፣ መጨረሻ የተጎበኘበት ቀን።

ሌላ። አሳየሁ። ሌላ... አሥር ስም። አቶ ወልደዮሐንስ ከጎኔ ቆመው መነጽራቸውን አሥር ጊዜ ጠረጉ።

«እዚህ ኔትወርክ ገብቷል እንዴ?» አሉ አቶ ገመቹ።

«አልገባም።»

«ታዲያ ይህ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከየትም አይመጣም። እዚሁ ነው ያለው።»

ላፕቶፑን ገልብጠው ጎኑን አዩ። የተሰካ ነገር የለም። ከዚያ «ተረጋግጧል» ብለው ጻፉ። በዓይኔ አየሁት፤ ብዕሩ ሲጫን ሁሉ።

እትዬ አትጠገብ ከአልጋዎቹ መሐል እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። የራሳቸውን ስም ከፈትኩላቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ጣቴን እየተከተሉ አዩ። «ሦስተኛዋ ማሳዬም አለች?» አሉ። አለች። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ጉንጬን ሳሙኝ፤ የሚያጣብቀው የቡና ልጋግ ፊቴ ላይ ቀረ። ዲላ እስክገባ አልጠረግኩትም።

ኅዳር 25

ሙሐሲን ደወለ። ድምፁ ዛሬ ሌላ ነው፣ የተሰበረ። ሰርቨሩ ዓርብ ዕለት ተቃጥሏል። እሱ ጋ የቀረው ቅጂ የሐምሌ ነው፤ ከሐምሌ ወዲህ የተመዘገበ፣ የተስተካከለ ሁሉ የለም።

«ኤልቤቴል... አንቺ ጋ ያለው ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

ዝም አለ። ያቺን ዝምታ ትንሽ አጣጥሜያታለሁ፣ ልዋሽ አልችልም።

«እንግዲህ ከአንቺ እንቅዳ» አለ።

አቶ ወልደዮሐንስ ደብዳቤውን ራሳቸው አረቀቁት። «ትክክለኛው የአባላት ዝርዝር በዲላ ቅርንጫፍ ስለሚገኝ» ብለው ጀምረው፣ ጮክ ብለው ሁለቴ አነበቡልን። ስሜም አለበት፣ ከነአባቴ።

ነገ ጠዋት ከ1 እስከ 500 ብዬ ወደ አዲስ አበባ መላክ እጀምራለሁ። በስንት ቀን እንደሚደርስለት፣ ሲቆጥረውም ስንት እንደሚመጣለት፣ እዚሁ አሰፍራለሁ።