ጋሽ በቀለ ያስቆሙኝ መዝሙር

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ ወዲህ፣ ጠዋት ሺፍት ከመግባቴ በፊት አብረውን ቤተ ክርስቲያን ይመጡ ለነበሩት ለጋሽ በቀለ በስልክ መጽሐፍ ቅዱስ አነብላቸዋለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ባለፈው ወር በኮሮና ካረፉ ጀምሮ፣ ሰመርሊን በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ናቸው። ዛሬ ያጽናናቸዋል ብዬ መዝሙር ዘጠና አንድን ጀመርኩ። መቅሠፍት ወደ ቤትህ አይገባም የሚለው ጋ ስደርስ፣ «ተይው፣ ልጄ» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?»

«አይ። ዘውዴ ሆስፒታል እስክትገባ ድረስ በየማታው ይህንኑ ነበር የማነብላት።»

የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ልል አስቤ፣ አፍሬ ተውኩት።

«እንግዲያው ምን ላንብብልዎት?» አልኳቸው።

«የሚያለቅስ ሰው ያለበትን ፈልጊልኝ።»

መዝሙር ሰማንያ ስምንትን አነበብኩላቸው። እሱ ደግሞ መጨረሻው ጨለማ ነው፤ አይዞህ የሚል ቃል የለውም። ስጨርስ፣ «ይኼ ሰው ያውቀኛል» አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንባቸውን አላየሁም ነበር።

ሥራ ረፍዶብኝ ነበር፤ ስልኩን መዝጋት ግን አልቻልኩም። የምሠራበት ሆቴል ፓርኪንግ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አብሬያቸው አለቀስኩ። ጌታ ሆይ፣ ነገ ምን እንደማነብላቸው አላውቅም።